ጅማ፦ ለወጪ ወራጁ የተሠራች ከተማ

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በስምንት ቀን ልዩነት የሆኑ ሁለት ነገሮች በጅማ ሰው ኑሮ ላይ ተገናኙ። የመጀመሪያው የሆነው ከጅማ እጅግ ርቆ ነው፤ ሐምሌ 11 ቀን የብራዚልን የፓራና ግዛት ውርጭ መታውና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር የቡና ዛፍ አደረቀ። ሁለተኛው ሐምሌ 19 ቀን አዲስ አበባ ላይ የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ውርጩ የቡናን ዋጋ ሰቀለ። አዋጁ የቤት ኪራይን ቀንሶ ባለበት አስቆመው። በጊንጆ፣ በሒርማታ ወይም በመንደራ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ከውርጩ የተገኘው ገንዘብ እምብዛም አልደረሰውም፤ የአዋጁ ውጤት ግን እስከ ልጅ ልጆቹ ዘለቀ።

ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የቤቱን ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ቡናውን ትቶ ቤቱን ማስረዳት አይቻልም። ጅማና ዙሪያዋ ያሉት ከተሞች፣ አጋሮን፣ ሊሙ ገነትን የመሳሰሉት፣ ገንዘብ በወቅት የሚገባባቸው ናቸው። ቡናው ከመስከረም ጀምሮ መቅላት ሲይዝ ለቃሚው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩና ደላላው ይመጣሉ፤ ጥር ሲያልፍ አብዛኛው ይበተናል። ክረምቱን እዚያው የሚከርመው ሌላ ሰው ነው። የቀን ሠራተኛው፣ በቡና ማበጠሪያ ቤት ፍሬ የምትለቅመው ሴት፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ዘበኛው፣ ዝቅተኛ ደመወዝተኛው ነው። በሌላው ዓለም የደሴትና የባሕር ዳርቻ ከተሞችን የሚያስጨንቃቸው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ለጥቂት ወራት የሚመጣው እንግዳ የሚከፍለው ኪራይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረውን ሰው ከቤቱ ያስወጣዋል። ጅማ ላይ እንግዳው የሚመጣው በቡና ምክንያት ነው። መዝገቡን ተከትዬ የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው፦ በየዘመኑ የጅማን ሥልጣን የያዘ ሁሉ ቤት የሠራው ለወጪ ወራጁ ነበር፤ ለነዋሪው የሠራለት ራሱ ነዋሪው ነው። መንግሥት ለዚህ ነዋሪ ያደረገለት ትልቁ ነገር ራሱ ያልሠራውን ቤት ወስዶ ኪራዩን ማቆም ሆነ።

ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ገደማ ሲነግሡ የመንግሥቱ መቀመጫ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደግሞ ከኮረብታው በታች ሒርማታ ሜዳ ላይ ነበር። ለዳግማዊ ምኒልክ ሳይዋጉ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ጎረቤት ነገሥታት ተዋግተው ሲጠፉ ጅማ ሰላም ስለሆነች የሩቅ ነጋዴ ወደ ሒርማታ ጎረፈ። ቡና፣ የዝባድ ቅባት፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማር፣ ፈረስ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር፣ ይህን ያለፈ የጅማ ታሪክ ሙሉ አይሆንም። ለእነዚህ ከሩቅ ለሚመጡ ነጋዴዎች ከገበያው አጠገብ የተለየ መኖሪያ ተሰጣቸው፤ የዛሬዎቹ አዌቱ መንደራና መንደራ ቆጪ ቀበሌዎች የዚያን ጊዜውን የነጋዴ ሰፈር ስም ይዘው ቀርተዋል። ንጉሡ ለተጓዥ ማረፊያ የነበራቸው አሳብ ከአገርም አልፎ መካ ደርሷል፤ የጅማ ሐጃጆች የሚያርፉበት ቤት እዚያ ገዝተው ነበር። የአገሬው ገበሬ ግን በየማሳው ዳር፣ በእንሰትና በቡናው መካከል ተበታትኖ ይኖር ስለነበር ከተማ የሚያስፈልገው ለገበያ ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ የጅማ ከተማነት የጀመረው ከነጋዴ ማደሪያ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

የጅማ መንግሥት የውስጥ ነፃነት በ1924 ዓ.ም. አበቃ፤ አካባቢው በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ጣልያን መጣ።

ፋሺስቶቹ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦሲዮ ለጎንደርና ለደሴ እንዳደረገው ሁሉ ለጅማም የከተማ ፕላን ነደፈ። የከተማይቱ እምብርት ከጅሬን ኮረብታ ወርዶ በሒርማታ ሜዳ ተተከለ። በዚያ ዘመን ቅኝ ገዢዎቹ በያዙት ከተማ ሁሉ እንደሚያደርጉት የአውሮፓዊው ሰፈርና የአገሬው ሰፈር ተለያየ፤ የዘር ልዩነት ሕጋቸው በመንገድና በግንብ ተጻፈ። እስከ ዛሬ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ የድንጋይ መሠረት፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው ቤቶች ለመኮንኑና ለሹሙ ተሠሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ በዚያው ጊዜ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች የተሠራ ሰፈር እንደሆነ አንባቢ ያስታውሳል። የቅኝ ገዢው ቤት የመሥራት አቅም አነስተኛ አልነበረም፤ ያ አቅም የዋለው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ አገሩን ጥሎ ለሄደ ሰው ነው። ሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጣልያን እጅ ወጣች። ቤቶቹም የጠላት ንብረት ተብለው በመንግሥት ተያዙ፤ ያቺው በረንዳ አዲስ ሹም አገኘች።

ከነፃነት በኋላ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ከተሞች ቀረጥ እንዲሰበስቡ፣ መንገድና ገበያ እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጣቸው፤ ለድሃ ቤት የመሥራት ግዴታ ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ተደርጎ አልተቆጠረም። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የቡና ዋጋ ሲወጣ ጅማ አበበች። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከኩሎና ከኮንታ ሰው ለለቀማ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዱ ወቅቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ሳይመለስ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በመተባበር የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኋላም መልኮ ላይ የቡና ምርምር ጣቢያ ተመሠረተ። ከሁለቱም ጋር መምህርና ተመራማሪ፣ የውጭ አገር ሰውም ጭምር መጣ፤ ለእነሱም በግቢያቸው ውስጥ መኖሪያ ተሠራላቸው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ሄርበርት ልዊስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጅማን ባጠናበት ጊዜ ሒርማታ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ ገበያ እንደሆነና በበጋ፣ ጥሩ በሆነ የገበያ ቀን፣ እስከ ሠላሳ ሺ ሰው እንደሚሰበስብ ጽፏል። በበጋ ያላትን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። በክረምቱ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ሲቆም ከተማይቱ ሌላ ትሆን ነበር።

ታዲያ ክረምቱን የሚከርመው የት ያድር ነበር? በጭቃ ቤት ነው። አሠራሩ ዛሬም በጊንጆ ጓሮዎች ይታያል። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይተከላል፣ በማገር ይታሰራል፣ ጭድ ገብቶበት የበሰበሰ ጭቃ ይመረግበታል፤ ከደረቀ በኋላ በነጭ አፈር ወይም በኖራ ይለሰናል። ጣራው ድሮ ሣር ነበር፣ በኋላ ቆርቆሮ ሆነ። በአዲስ አበባም ሆነ በደጋ ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት በአግባቡ ከተያዘ ብዙ አሥርት ዓመት ይቆማል። ጅማ ላይ ግን ሁለት ጠላት አለው። አንዱ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋውና ከመጋቢት እስከ መስከረም ብዙም ፋታ የማይሰጠው ዝናብ ነው፤ ሌላው ምስጥ። የምሰሶው እግር ይበሰብሳል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል። ቤቱ ርካሽ የሚሆነው የሚያድሰው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ከ1967 በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

እነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ የኪራይ ነበሩ። በከተማ መሬት የያዘ ባለርስት ወይም ነጋዴ ተርታ ክፍሎች አሠርቶ ያከራያል፤ ከእሱ ዝቅ ያለው ደግሞ በግቢው ጓሮ ሁለት ክፍል ጨምሮ አንዷን ለቡና ነጋዴ፣ አንዷን ለቀን ሠራተኛ ይሰጣል። በዘመኑ የመሬት ይዞታ እጅግ የተዛባ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ በ1950ዎቹ ከሕዝቡ ከ5 በመቶ የማይበልጠው በግል ከተያዘው የከተማ ቦታ አብዛኛውን ይዞ ነበር። በክፍለ ሀገር ከተሞችም ቦታ በጥቂቶች እጅ መሰብሰቡ የታወቀ ነው። ኪራይ በወር ይከፈላል፤ የተከራዩ ገቢ ግን በወር አይመጣም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሠራውን ሰኔና ሐምሌ ድረስ ማብቃቃት ነበረበት። ካልቻለ አበዳሪ አለ፣ አበዳሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡና ገዢው ራሱ ነው። የሚመጣው ዓመት ቡና ገና በአበባው የሚሸጠውም በዚሁ ነው።

የ1966 አብዮት ሲፈነዳ ጅማ ከፍተኛ ቁጣ ከታየባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ሕዝቡ የጠቅላይ ግዛቱን ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴን በመቃወም አደባባይ ወጣ። ስለ መሬት የነበረው ጥያቄ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ምላሽ አገኘ። የከተማው ተከራይ አምስት ወር ያህል ጠበቀ።

አዋጅ ቁጥር 47ን ዛሬ ለሚያነበው ሰው የሚያስደንቀው አጭርነቱና ቁርጥነቱ ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታና አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ከዚያ የተረፈው ቤት ትርፍ ቤት ተባለና ተወረሰ። ከ300 ብር በታች የነበረ የወር ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፍለው ሰው የበለጠ ተቀነሰለት። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች አስተዳደር በዚያው አዋጅ ለተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። የፈረንጅ አራዳ ዓይነት ግንብ ቤትና የጊንጆ ዓይነት ጭቃ ቤት በአንድ አዋጅ ተወርሰው በሁለት መዝገብ ተለያዩ ማለት ነው። መለያየቱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የተሻለው ቤት ከዚያ በኋላም የሹሙና የባለሙያው ሆኖ ቀጠለ።

አዋጁ ሁለት ሰዎችን ለይቶ አላየም። አንዱ አሥርና ሃያ ቤት ያከራይ የነበረ ባለርስት ነው። ሌላዋ ዕድሜ ልኳን ጠላ ሸጣ በጓሮዋ ሁለት ክፍል ያሠራች ሴት ናት። ሁለቱም ትርፍ ቤት ያላቸው ተባሉ። ከኪራይ ሌላ መተዳደሪያ ለሌለው ሰው የወር ድጎማ እንደሚሰጥ አዋጁ ደንግጓል፤ ነገር ግን የወሰደው አንድ ገቢን ብቻ አልነበረም። ከባንክ ውጭ የሚኖር ትንሽ ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበትን ዘዴ ወሰደ። በጅማ ያለ ቡና ነጋዴ ያልሆነ ሰው የቡናን ዓመት ትርፍ ለክረምት የሚያሸጋግርበት መንገድ ጓሮው ውስጥ አንድ ክፍል መጨመር ነበር። ከሐምሌ 1967 በኋላ አንድ ክፍል መጨመር ትርፉ ምንም ሆነ። አዋጁን የሚያመሰግኑትም የሚረግሙትም ጸሐፊዎች ይህን ነጥብ ሲዘልሉት አያለሁ።

ለተከራዩ ግን ትልቅ ቀን ነበር፣ ይህንን መካድ ታሪክን መካድ ነው። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ከሁሉ በላይ ግን ማንም የማያስወጣው ሆነ። ከብራዚሉ ውርጭ በኋላ የቡና ዋጋ በ1969 ዓ.ም. በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ3 ዶላር አልፎ ወጣ። በቀድሞው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባለ ዓመት የጅማ አከራይ ኪራይ ይጨምር ነበር፤ ገንዘብ የያዘው ነጋዴ ክፍሉን ወስዶ የቀን ሠራተኛው ወደ ዳር ይገፋ ነበር። ያ አልሆነም። የዋጋውን ጭማሪ በአመዛኙ መንግሥት በቀረጥ ወሰደው፣ የቀበሌው ኪራይም ከቦታው አልተነቃነቀም። የቡና ዋጋ መዝለል ጅማ ላይ የቤት ኪራይን ሳያንቀሳቅስ ያለፈው በዚያን ጊዜ ነው።

ጥበቃው ግን ዋጋ ነበረው። ቤቱን የሚያከራየው ቀበሌ በ1969 መሣሪያ ታጠቀ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓድ፣ የፍርድ ሸንጎና እስር ቤት ነበረው። የኪራይ ደብተር የሚይዘው ጽሕፈት ቤትና በቀይ ሽብር ወራት ወጣቱን ከቤት የሚያወጣው ጽሕፈት ቤት አንድ ነበር። ባለቤት አልባ የሆነ ቤት ማን እንዲገባበት የሚወስነውም እሱው ነው። ስለ ቀበሌ ቤት ርካሽነት የሚጽፍ ሰው ይህን አብሮ መጻፍ አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቀስ ብሎ የሚሄድ የመበስበስ ታሪክ ነው። ኪራዩ ጥቂት ብር ሆኖ ቆመ፤ የቆርቆሮ፣ የምስማርና የእንጨት ዋጋ ግን አልቆመም። ቀበሌ ከሚሰበስበው ኪራይ መዋዕለ ሕፃናትም፣ የጋራ መጸዳጃም፣ የጽሕፈት ቤት ወጪም ይሸፍን ነበርና ለጥገና የሚተርፈው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ተከራዩም አያድስም፤ የእሱ አይደለም፣ ቢያድሰውም አይካስም። ልጆች አድገው አገቡ፣ የሚሄዱበት ቤት ስለሌለ በዚያው ግቢ ማድ ቤቱን አስፍተው ጎጆ ወጡ። ደባል ማስገባትም ተለመደ፤ ቀበሌው እያወቀ ዝም ይላል። በየግቢው አምስትና ስድስት አባወራ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ይካፈላል። ምሰሶው ሲበሰብስ በድጋፍ ይቆማል፣ ድጋፉ ሲበሰብስ ሌላ ድጋፍ ይጨመራል።

መንግሥት አዲስ ቤት እንዲሠራ ያደረገው ጥረት ነበር። የቤቶችና ቁጠባ ባንክ በ1968 ተቋቁሞ በማኅበር ለተደራጁ ሰዎች በአነስተኛ ወለድ አበደረ፤ ቦታውም በነፃ ይሰጥ ነበር። ጅማም የማኅበር ቤቶች አግኝታለች። ነገር ግን ብድር የሚገኘው በወር ደመወዝ ማስረጃ ነው። የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር መመሥረት ቀላል ነበር፤ በጥቅምት ሠርታ በግንቦት የምትቸገር ቡና ለቃሚ የደመወዝ ደብዳቤ ከየት ታመጣለች? ወቅታዊ ገቢ ያለው ሰው በባንክ ዓይን ገቢ የሌለው ሰው ነው። ይህ ችግር በደርግ ጊዜ ተጀምሮ በሚቀጥለው መንግሥትም አልተፈታም።

የሕዝብ ቆጠራዎቹ የቀረውን ይናገራሉ። በ1976 ጅማ 60,992 ሰው ነበራት። በ1987 ወደ 88,867፣ በ1999 ወደ 120,960 ደረሰች። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ የሰዉ ቁጥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቀበሌዎች አልፎ አልፎ ከጨመሯቸው ክፍሎች በቀር የተወረሰው የቤት ክምችት ባለበት ቆመ፤ እያረጀና እየፈረሰ ሄደ ቢባል ይበልጥ ትክክል ነው። ስለዚህ የ1967 ተከራይና ልጆቹ ርካሽ ቤት አላቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው የለውም። የቀበሌ ቤት የደሃ መብት መሆኑ ቀርቶ ቀድሞ የደረሰ ሰው ዕድል ሆነ። በአንድ ግቢ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተው አንዱ የጥቂት ብር የቀበሌ ኪራይ፣ ሌላው ደግሞ በግል የዚያን ብዙ እጥፍ ሲከፍሉ ማየት የተለመደ ነው። ሁለቱ በአንድ ዕድር ናቸው፣ በለቅሶ ቀን በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ።

የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በግል ቤት ሠርቶ ማከራየት እንደገና ሕጋዊ መንገድ አገኘ። ያ ጊዜ ለጅማ ክፉ ጊዜ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሰኔ 1981 ፈርሶ ዋጋው በግማሽ ገደማ ወድቋል። ቤት ለመሥራት ሲፈቀድ የሚሠራበት ገንዘብ ጠፋ። ታኅሣሥ 1986 የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 80፣ የከተማ ቦታን በጨረታ የሚገኝ አደረገው፤ በ1994 እና በ2004 የወጡት ተከታይ አዋጆችም መንገዱን አጠበቁት። ጨረታ ማለት ገንዘብ ያለው ይወስዳል ማለት ነው። ጨረታ መግባት ያልቻለው ከከተማው ዳር፣ ከገበሬ ላይ በእጅ ጽሑፍ ውል ቦታ ገዝቶ ጨረቃ ቤት ሠራ። በጅማ ዳርቻ ያሉ ሰፈሮች የተስፋፉት በዚህ መልክ ነው፤ ባሕር ዛፉ፣ ጭቃውና ቆርቆሮው ግን የአያቶቹ ናቸው።

ታኅሣሥ 1992 የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የቡናን ወቅት የሚያህል ሁለተኛ ወቅት ተጨመረ ማለት ነው። መደበኛው ተማሪ በግቢው መኝታ ያድራል፤ መምህሩ፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ፣ የማታና የክረምት ተማሪው ግን ከተማ ውስጥ ይከራያል። በየግቢው ሰርቪስ ቤት መሥራት እንደገና ጥሩ ንግድ ሆነ። ለወር ደመወዝተኛ የሚከራይ ክፍል በብሎኬት ይሠራል፣ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ መጸዳጃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ኪራዩም ያንኑ ያህል ይወጣል። ኅዳር 30 ቀን 2011 የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመጣ ደግሞ አነስተኛ ደመወዝ ያላት ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ተጨመረች። ለእሷ የሚሆን ክፍል የሚሠራ ማን ነው? በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆኖ መኖር በሐዋሳም በሌሎች የፓርክ ከተሞችም የታየ መፍትሔ ነው፤ መፍትሔ ከተባለ።

ኮንዶሚኒየሙን እዚህ ላይ ማምጣት ያስፈልጋል። አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩበት በ1996 የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፋ፤ ጅማም ደረሰባት። አሳቡ በእውነት ትልቅ ነበር። ብሎኬቱን፣ የወለል ቢሙን፣ በሩንና መስኮቱን የሚያመርቱ ጥቃቅን ማኅበራት ተደራጁ፤ ወጣቱ ሥራ ያገኛል፣ ደሃው ቤት ያገኛል ተባለ። ከ20 ካሬ ሜትር ባነሰ ስቱዲዮ ጀምሮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ ድረስ በዕጣ ይሰጣል። ከቤቶቹ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ተያዘ። ሀያ በመቶውን ቀድሞ የከፈለ ሰው ቀሪውን ከባንክ ተበድሮ በየወሩ ይከፍላል። እስከ 2002 በአገሪቱ በሙሉ ወደ 171 ሺ ቤት ተሠራ።

በዚያው ዓመት ግን ፕሮግራሙ በክልል ከተሞች ቆመ። ምክንያቱ በጅማ ለሚኖር ሰው ግልጽ ነው። ሀያ በመቶው የተጠራቀመ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ቀሪው በየወሩ የማይቋረጥ ገቢ ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ እንጨት አንድዶ እንጀራ መጋገር አይቻልም፤ ንድፍ አውጪዎቹ ይህን አውቀው ለምግብ ማብሰያና ለእርድ የጋራ ሕንፃ ቢያዘጋጁም፣ ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ሸጣ የምትተዳደር ሴት ሥራዋ በደጇ ነው። መሬት ላይ ያለ ግቢ ለእሷ ቤት ብቻ ሳይሆን መሥሪያ ቤቷም ነበር። ዕጣ የወጣላቸው ብዙዎች ቤቱን አከራይተው እነሱ ወደ ርካሽ ክፍል ተመለሱ። ኮንዶሚኒየሙን የተከራየው ማን ነው ቢባል፣ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የፕሮጀክት ባለሙያው ነው። ለደሃው ታስቦ የተሠራው ቤት ውሎ አድሮ ለወጪ ወራጁ ሆነ። አዲስ አበባ በ2005 ለአነስተኛ ገቢ ሰው 10 በመቶ ብቻ ቀድሞ የሚከፈልበት ሌላ ዘርፍ ከፈተች፣ በሁሉም ዘርፎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰውም ተመዘገበ። እንዲህ ያለ ዘርፍ ግን ለቡና ከተሞች አልመጣም።

በዚህ ሁሉ መካከል የቀበሌ ቤቱ ማንም ሳያስተውለው የማኅበራዊ ዋስትና ሥራ ሠርቷል። ጡረተኛው፣ ባሏ የሞተባት፣ ሕመምተኛው በከተማው መካከል፣ በገበያውና በሆስፒታሉ አቅራቢያ እንዲኖር ያስቻለው እሱ ነው። በመልሶ ማልማት ሰበብ ሲፈርስ ለተከራዩ ምትክ ሌላ የቀበሌ ቤት መስጠት ይጠበቃል፤ ክምችቱ እያነሰ በሄደ ቁጥር ምትኩ ወደ ዳር ይርቃል። ዳር ላይ የቤት ኪራዩ ያው ቢሆን እንኳ የባጃጅ ሒሳቡ ይጨምራል፣ የደንበኛ ብዛት ይቀንሳል። ኪራይ ብቻውን የቤት ዋጋ አይደለም።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች አዋጁን ተግባራዊ የሚያደርገው ክልሉ ነው። ይህን አዋጅ ከአዋጅ 47 ጎን አስቀምጦ ማንበብ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ቤቱን ወርሶ ኪራዩን አቆመ፤ የአሁኑ ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ ጭማሪውን ይገድባል። የአሁኑ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ቤቱን የሚያድስ ሰው ይቀራል። የሁለት ዓመቱ ውል ለጅማ ልዩ ትርጉም አለው፤ በሥራ ላይ ከዋለ ሁለት የቡና ወቅትና ሁለት ክረምት ይሸፍናል፣ አከራይም በጥቅምት ለነጋዴ ልስጠው ብሎ ተከራዩን ማስወጣት አይችልም። ሆኖም ሁለቱም አዋጆች አዲስ ክፍል አይሠሩም። ከአባ ጅፋር ዘመን እስከ ዛሬ በጅማ ርካሽ ክፍል በብዛት የሠራው በጓሮው ጭቃ ያቦካው ሰው ነው። ለእሱ ቦታ፣ አነስተኛ ብድርና ምስጥ የማይበላው የድንጋይ መሠረት ብቻ ቢቀርብለት ካለፉት ፕሮግራሞች ሁሉ የበለጠ ቤት ይሠራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በጊንጆም ሆነ በሌላ ሰፈር፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ፣ የ1967ቱን የትርፍ ቤት መረከቢያ ወረቀት፣ የቀበሌ ኪራይ ደረሰኝ ወይም የማኅበር ቤት ደብተር በሣጥኑ ያስቀመጠ አንባቢ ካለ አይጣለው። ቢያንስ ቅጂውን ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለጅማ ሙዚየም ይስጥ። ሙዚየሙ የንጉሡን ዕቃ ይዟል፤ የተከራዩ ደረሰኝም እዚያ ቦታ ይገባዋል።